ከሌዘር ሕክምና በኋላ የዐይን ፎቶግራፍ ምን ያሳየናል?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ብንወጣ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ ብንወጣ ቡራዩን፣ የእንጦጦን ዳገት ተሻግረን በጎጃም መንገድ ብንወርድ ደግሞ ሱሉልታን እናገኛለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የነዋሪዎቻቸው የሕክምና መንገድ ግን ያው የቀድሞው ነው፤ የዐይን ሕመሙ የጠናበት ሰው በማለዳ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። የአገራችን የዐይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የሚገኘው በዚያው ነው።

እስቲ ከሱሉልታ የተነሡ አንዲት እናትን በሐሳባችን እንከተል። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ሐኪሙ ግላኮማ እንዳለባቸው ነግሯቸው የሌዘር ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ከሳምንት በኋላ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ቤታቸው ሄዶ፣ «እማማ፣ ሕክምናው እንዴት ሆነ?» ቢላቸው እንዲህ ብለው ሊመልሱለት ይችላሉ፦ «ምን እባክህ ልጄ፣ ብርሃን ብልጭ ብልጭ አድርገውብኝ ተመለስኩ። ዐይኔ እንደሆነ ያው እንደ ድሮው ነው። አሁን ደግሞ የዐይን ፎቶ መነሣት አለብዎት ብለውኛል። ስንት ጊዜ ልመላለስ?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ለመሳፈሪያ የሚወጣው ገንዘብ ከቤት ወጪ ላይ የተቀነሰ ነው፤ አብሯቸው የሚሄደው ልጅም የዕለት ሥራውን ይተዋል። ስለዚህ የሚረዷቸው ሁሉ፣ ማለትም የፕሮጀክት ሠራተኞችም ሆኑ ምእመናን፣ ይህ ፎቶግራፍ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያስፈልግና መቼ እንደማያስፈልግ ቢያውቁ መልካም ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ከተጠቀሱት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማይመለስ ብርሃን

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዐይነ ስውርነት ጥናት፣ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውር መሆናቸው ታውቋል። ከእነዚህም ግማሽ የሚሆኑት ብርሃናቸውን ያጡት በዐይን ሞራ ሲሆን፣ 11.5 ከመቶ የሚሆኑት በትራኮማ፣ 5.2 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ በግላኮማ ነበር። በቁጥር ሲታይ ግላኮማ ከዐይን ሞራ እጅግ ያንሳል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በሞራ የተጋረደ ዐይን በቀዶ ሕክምና ሊበራ ይችላል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ግን በሌዘርም፣ በመድኃኒትም፣ በቀዶ ሕክምናም አይመለስም። ሕክምናው የሚያደርገው የቀረውን መጠበቅ ብቻ ነው።

ሰበታ በዐይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ በመላው አገሪቱ የታወቀች ከተማ ናት። ብርሃን የሌለው ሰው ተምሮ ራሱን ችሎ ወገኑንም ሊያገለግል እንደሚችል ከዚያ የወጡት ሁሉ አስመስክረዋል። ሆኖም ሊድን የሚችልን ብርሃን በቸልታ ማጣት ሌላ ነገር ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

የገፈርሳ ግድብና የዐይን ውኃ

በቡራዩ አቅራቢያ የገፈርሳን ግድብ ያየ ሰው የግላኮማን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ግድቡ በአንድ በኩል ውኃ ይቀበላል፤ በሌላ በኩል ይለቅቃል። ገቢውና ወጪው የተመጣጠነ እንደሆነ ደኅና ነው። መውጫው ቢደፈንና ውኃው መግባቱን ቢቀጥል ግን ግድቡ ይጨነቃል።

የዐይናችን የፊት ክፍልም እንዲሁ ነው። ከፊት እንደ ሰዓት መስተዋት ጥርት ያለው ኮርኒያ አለ። ከእርሱ በስተኋላ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚታየው ባለቀለም መጋረጃ አለ፤ በመካከሉ ያለው ቀዳዳ ብሌን ይባላል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሌንሱ ተቀምጧል። ከሌንሱ ጎንና ጎን ካለው አካል ንጹሕ ውኃ ዘወትር ይመነጫል። ይህ ውኃ እንባ አይደለም፤ ከዐይን ውስጥ አይወጣም። መጠኑም በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ውኃው በብሌን በኩል ወደ ፊት ያልፍና ኮርኒያውና መጋረጃው በሚገናኙበት ጥግ ዙሪያውን በተዘረጋ ወንፊት መሰል ማጥለያ አልፎ ወደ ደም ሥር ይገባል።

በጤነኛ ዐይን ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይለካል። መውጫው ሲታወክ ግፊቱ ይጨምራል፤ የጨመረው ግፊት ደግሞ ከዐይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰውን የዕይታ ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ግፊታቸው ብዙም ሳይጨምር ነርቩ የሚጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዕይታ ዳር ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ያለውን እያየ የበሩ መቃን ይመታዋል፤ ከጎኑ የመጣው መኪና ያስደነግጠዋል። የመሐል ዕይታው ሲነካ ብዙው ነገር አልፏል።

ሁለት ዓይነት ሕመም፣ ሁለት ዓይነት ሌዘር

ፎቶግራፉ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ለማወቅ አስቀድሞ የትኛው ሌዘር እንደተደረገ ማወቅ ግድ ነው። ብዙ ሰው «ሌዘር ተደረገልኝ» ብቻ ይላል። ነገር ግን የግላኮማ ሌዘር አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው ሕመም ክፍት ጥግ ያለው ግላኮማ ነው። በዚህኛው ጥጉ ክፍት ነው፤ የታወከው ወንፊቱ ነው። ሕመም የለውም፤ ዐይንም አያቀላም። በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ምክንያቶች አንዱ እንደ አመድ ብናኝ ያለ ነጣ ያለ ነገር በዐይን ውስጥ እየተመረተ በሌንሱና በወንፊቱ ላይ የሚያርፍበት ሕመም ነው። ይህ ሲሆን ግፊቱ በጣም ከፍ ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ሕመም የተዘጋ ጥግ ያለው ግላኮማ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሱ እየወፈረ ይሄዳል። መጋረጃው በሌንሱ ላይ ሲጠጋ ከኋላ የመነጨው ውኃ በብሌኑ በኩል ማለፍ ይሳነዋል። መውጫ ያጣው ውኃም መጋረጃውን ከኋላ ይገፋዋል፤ መጋረጃው ነፋስ እንደሞላው ድንኳን ወደ ፊት ያብጥና ጥጉን ይዘጋል። ይህ በድንገት ሲሆን ዐይን ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ መብራት ዙሪያውን ቀስተ ደመና የከበበው ይመስላል፣ ያስመልሳልም። ትውከቱን አይቶ የሆድ ሕመም ነው፣ ራስ ምታቱን አይቶ ምች ነው የሚል ሰው አይጠፋም። በዚህ ምክንያት የሚባክነው እያንዳንዱ ሰዓት ነርቩን ይጎዳል። ደግሞም ምንም ሳይሰማ ቀስ በቀስ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

ለተዘጋው ጥግ የሚደረገው ሌዘር በመጋረጃው ዳር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። በኋላ የታሰረው ውኃ በዚህች ቀዳዳ አቋርጦ ወደ ፊት ሲመጣ መጋረጃው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፈ በ1857 ከመጋረጃው ላይ ጥቂት በመቁረጥ ግላኮማን ማከም እንደሚቻል አስታውቆ ነበር። ቴዎዶር ሜይማን በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ በኋላ ምላጩ ለብርሃን ቦታውን እየለቀቀ መጣ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ያግ የተባለው ሌዘር ይህን ሥራ ዐይንን ሳይከፍት በተመላላሽ ሕክምና የሚሠራ ሆኗል።

ለክፍቱ ጥግ የሚደረገው ሌዘር ግን ቀዳዳ አይከፍትም። ጨረሩ የሚያርፈው በወንፊቱ ላይ ነው። ዋይዝና ዊተር የተባሉ ሐኪሞች በ1979 በአርጎን ሌዘር ይህን አሠራር አቀረቡ። በ1995 ደግሞ ላቲናና ፓርክ ቀለም ያላቸውን የወንፊቱን ሕዋሳት ብቻ ለይቶ የሚነካ፣ ዙሪያውን የማያቃጥል የሌዘር ዓይነት አስተዋወቁ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይህ የኋለኛው ነው። ሕዋሳቱን ቀስቅሶ ወንፊቱ ውኃውን በተሻለ ሁኔታ እንዲያሳልፍ ያደርጋል፤ ውጤቱም የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ፎቶግራፉ እንዴት ይነሣል?

ፎቶግራፍ የምንለው ተራው የካሜራ ፎቶ አይደለም። ተራ ካሜራ ዐይንን ከፊት ብቻ ያያል፤ ጥጉ ግን በኮርኒያው ዳር ተሸሽጎ ስለሚገኝ አይታየውም። እዚህ የምንናገረው ዐይንን በሥዕል እንደ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቆ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

አንደኛው መሣሪያ ኦ.ሲ.ቲ. ይባላል። የማይታይ ደካማ ብርሃን ወደ ዐይን ልኮ፣ ከየንብርብሩ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን በመለካት ሥዕል ይሠራል። በአሜሪካ ዴቪድ ሁዋንግ፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ባልደረቦቻቸው በ1991 ይህን አሠራር ለዓለም አቀረቡ። መጀመሪያ የታሰበው ለዐይን የኋላ ክፍል ነበር፤ በ1994 ጆሴፍ ኢዛትና ባልደረቦቹ የፊቱን ክፍል አነሡበት። ለተነሺው ሰው ምንም አያስጨንቅም። አገጩን በመደገፊያው ላይ አሳርፎ አንዲት መብራት ይመለከታል። ዐይኑን የሚነካው ነገር የለም፤ መርፌም ቀለምም አይሰጠውም። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

ሁለተኛው መሣሪያ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አልትራሳውንድ ነው። በ1990 ገደማ ቻርልስ ፓቭሊንና ስቱዋርት ፎስተር በካናዳ ቶሮንቶ ለዐይን ፊት ክፍል የሚሆነውን ዓይነት ሠሩ። ለዚህኛው ሕመምተኛው ይተኛል፤ ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፤ በዐይኑም ላይ ውኃ የያዘ ትንሽ ጽዋ ይቀመጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ የሠለጠነ እጅም ይጠይቃል። ይሁን እንጂ አንድ ብልጫ አለው። የኦ.ሲ.ቲ. ብርሃን የመጋረጃውን ጥቁር ቀለም ዘልቆ ማለፍ አይችልም፤ ድምፅ ግን ያልፋል። ስለዚህ ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለውን ለማየት አልትራሳውንዱ ይመረጣል።

በሥዕሉ ላይ ምን ይታያል?

ሥዕሉን የያዘ ሰው ከላይ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ መስመር ያያል፤ ያ ኮርኒያው ነው። ከሥሩ ከግራና ከቀኝ የሚመጡት ሁለት ክንፎች መጋረጃው ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ብሌን ነው። ከሥር ብቅ ያለው ጉብታ ሌንሱ ነው። ኮርኒያውና ክንፉ የሚገናኙበት ሹል ቦታ ጥጉ ነው፤ የነገሩ ሁሉ መቋጫ በዚያ ነው።

ከሌዘር በፊት በተነሣው ሥዕል ሁለቱ ክንፎች ወደ ፊት ተነፍተው ጥጉን ሲነኩ ይታያሉ። ሌዘሩ ከተሳካ በኋላ በተነሣው ሥዕል ክንፎቹ ጠፍጥፈው ጥጉ ይከፈታል። ሐኪሙ በዐይን ግምት ብቻ አይወሰንም። ከጥጉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ርቆ በኮርኒያውና በመጋረጃው መካከል ያለውን ርቀት ይለካል፤ የፊቱንና የኋላውን ቁጥር ያወዳድራል። ቀዳዳዋ ራሷ በሥዕሉ ላይ ከተገኘች መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር በስታ ማለፏ ወይም በመካከል መቅረቷ ይታያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ብሌን በጨለማ ሲሰፋ መጋረጃው ወደ ጥጉ ይሰበሰባል፤ በብርሃን ሲጠብ ጥጉ ይከፈታል። ስለዚህ አንዱ ሥዕል በጨለማ ክፍል፣ ሌላው በብርሃን ተነሥቶ እንደሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። እንዲሁም ብሌንን የሚያጠብ ፓይሎካርፒን የተባለ ጠብታ ተደርጎ ከሆነ ጥጉ ከእውነቱ ይልቅ የሰፋ ሊመስል ይችላል። ሁለቱም ሥዕሎች በአንድ ዓይነት ሁኔታ መነሣት አለባቸው።

ፎቶግራፉ እጅግ የሚጠቅመው ነገሩ እንደታሰበው ባልሆነ ጊዜ ነው። ቀዳዳዋ ተከፍታ ሳለ ጥጉ ተዘግቶ የሚቀርባቸው ዐይኖች አሉ። ያን ጊዜ ሐኪሙ፣ «የቀረው እንቅፋት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ምናልባት ውኃ አመንጪው አካል ወደ ፊት አዘንብሎ የመጋረጃውን ሥር ከኋላ ደግፎት ይሆናል፤ ይህን አልትራሳውንዱ ያሳያል። ምናልባትም የወፈረው ሌንስ ሁሉን ወደ ፊት ገፍቶት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሌላ ዓይነት ሌዘር ወይም ሌንሱን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ሊታሰብ ይችላል። በ2016 የታተመ 419 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት፣ ለተመረጡ ሰዎች ሌንሱን ማውጣት ከሌዘሩ የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በዚህ ጊዜ ፎቶግራፉ የሕክምናውን አቅጣጫ የሚለውጥ ስለሆነ ለመነሣት መድከም ተገቢ ነው።

ለክፍቱ ጥግ ሌዘር ተደርጎ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተለየው ሌዘር በወንፊቱ ላይ በሥዕል የሚታይ ቀዳዳም ጠባሳም አይተውም። ጥጉ ቀድሞም ክፍት ነበር፤ አሁንም ክፍት ነው። በዚህ ጊዜ ሌዘሩ መሥራቱን የሚነግረን የግፊት ልኬት እንጂ የፊት ክፍል ፎቶግራፍ አይደለም። ሐኪሙ የተለየ ጥርጣሬ ከሌለው በቀር ለዚህ ሲባል ፎቶ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም።

ሥዕሉ የማይነግረን

ፎቶግራፉ መልካም ረዳት ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም። መጋረጃው ጥጉን ነክቶ ሲታይ የተደገፈ ብቻ ይሁን ወይም በጠባሳ የተጣበቀ ይሁን ሥዕሉ ለይቶ ለመናገር ይቸገራል። ይህ ልዩነት ግን ትልቅ ነው፤ የተደገፈው ይላቀቃል፣ የተጣበቀው ግን አይላቀቅም። በወንፊቱ ላይ ያረፈው አመድ መሰል ብናኝ፣ የቀለሙ መጠንና አዲስ የበቀሉ ቀጫጭን ደም ሥሮችም በዚህ ሥዕል በሚገባ አይለዩም።

እነዚህን የሚያሳየው ጎኒዮስኮፒ የሚባለው ምርመራ ነው። ሐኪሙ ማደንዘዣ ጠብታ አድርጎ መስተዋት ያለው ትንሽ ሌንስ በዐይን ላይ ያስቀምጣል፤ በመስተዋቱ በኩል የተሸሸገውን ጥግ በዐይኑ ያያል። ሌንሱን ጫን ሲያደርገውም የተደገፈው መጋረጃ ሲሸሽ፣ የተጣበቀው ባለበት ሲቀር ይመለከታል። ይህ ምርመራ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የሚጠይቀውም ትንሽ ሌንስ፣ የዐይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ሐኪም ነው። ኦ.ሲ.ቲ. ከመጣ በኋላም ቦታውን አለቀቀም።

ከሁሉ በላይ ሥዕሉ የማይነግረን ነገር የነርቩን ሁኔታ ነው። የፊቱ ጥግ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ግፊቱ አሁንም ከፍ ብሎ ነርቩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያማረ ፎቶግራፍ ይዞ የተመለሰ ሕመምተኛ «ድኛለሁ» ብሎ ቀጠሮውን ቢተው ፎቶግራፉ ጎዳው እንጂ አልጠቀመውም።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በዚህ ረገድ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ የሚገኘው የኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል ነው። በዚያ የተካሄደና በ2021 የታተመ ጥናት ክፍት ጥግ ግላኮማ ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ቲሞሎል የተባለውን ጠብታ፣ ሌላው ወገን የተለየውን ሌዘር አገኘ። ከዓመት በኋላ ሌዘር ከተደረገላቸው ዐይኖች 61 ከመቶ ያህሉ የተፈለገው የግፊት መጠን ላይ ሲገኙ፣ በጠብታው ወገን የተገኙት 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ጠብታ በየቀኑ ይደረጋል፣ ያልቃል፣ ይገዛል፣ ይረሳል፤ ሌዘር ግን አንዴ ተሠርቶ ለጊዜው ያሳርፋል። ሆኖም ከመቶው 39 የሚሆኑት ሌዘሩ እንዳልበቃቸው አንርሳ። እነማን እንደሆኑ የታወቀው ተመልሰው ስለመጡና ግፊታቸው ስለተለካ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከቻይና ጓንጁ ከተማ ነው። በ2019 የታተመ ጥናት ጥጋቸው የጠበበ፣ ሕመም ግን ያልጀመራቸው 889 ሰዎችን ወስዶ በእያንዳንዳቸው አንድ ዐይን ላይ ሌዘር አደረገ፤ ሌላውን ዐይን ተወው። በስድስት ዓመት ውስጥ ሌዘር ከተደረገላቸው ዐይኖች በ19ኙ፣ ካልተደረገላቸው በ36ቱ ላይ ጉዳት ታየ። ሌዘሩ ጠቅሟል፤ ግን ካልተነኩትም ዐይኖች አብዛኞቹ ደኅና ቆይተዋል። እንግዲህ በፎቶግራፍ ጠባብ ጥግ የታየበትን ሁሉ ለሌዘር ማሰለፍ ትክክል አይደለም። ለማን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ይህ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው የሚቀመጥ አይደለም። ሠራተኞቻችን ግን ካለ መሣሪያ የሚሠሩት ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲመለስ ካርዱን ተመልከቱ። የትኛው ዐይን እንደታከመ፣ የትኛው ዓይነት ሌዘር እንደተደረገ፣ ከሌዘሩ በፊትና በኋላ ግፊቱ ስንት እንደነበረ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ በመዝገባችሁ አስፍሩ። ያልተጻፈ ነገር ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተጠይቆ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከሌዘር በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግፊቱ ለጊዜው ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ግፊቱን ደግሞ እስኪለካ ድረስ ሕመምተኛው አይቸኩል። የመመለሻ መኪና ቀድሞ እንዳይነሣ አስቡበት። ጥቂት መቆርቆርና ብዥታ ለአንድ ሁለት ቀን የተለመደ ነው። ብርቱ ሕመም፣ የዕይታ መቀነስ፣ እየባሰ የሚሄድ መቅላት ወይም ትውከት ከታየ ግን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ «አቁም» ካላለ በቀር ሌዘር ተደርጓል ተብሎ ጠብታ አይቆምም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ለፎቶግራፍ የሚከፈል ገንዘብ ሲጠየቅ ሐኪሙን በትሕትና እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፦ «ዶክተር፣ ይህ ሥዕል ሕክምናቸውን ይለውጠዋል?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ገንዘቡ በደስታ ይከፈል። መልሱ «ለማወቅ ያህል ነው» ከሆነ ግን ያው ገንዘብ ለጠብታና ለሚቀጥለው ቀጠሮ መሳፈሪያ ቢውል ይሻላል።

አምስተኛ፣ የሕመምተኛውን ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆች አስታውሱ። ግላኮማ በቤተ ሰብ ውስጥ ይመላለሳል። በተለይ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ዘመዶቹ ግፊታቸውንና ነርቫቸውን እንዲያስመረምሩ ማሳሰብ ብርሃን ሳይጠፋ የሚደረግ እርዳታ ነው።

ለምእመናን

ለዐይን ሕክምና መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ሲሰበሰብ ብዙዎች በደስታ ይሰጣሉ፤ መሣሪያ በዐይን የሚታይ ነውና። የቀጠሮ መሳፈሪያ ግን አይታይም፤ ማንም አያመሰግንበትም። ይሁን እንጂ በግላኮማ ሕክምና ብርሃን የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በመሣሪያ እጦት ብቻ ሳይሆን በተዘለለ ቀጠሮም ነው። ከሰበታም ሆነ ከሱሉልታ አንድን ሽማግሌ በየቀጠሮው ይዞ የሚሄድ አንድ ወጣት፣ በጉባኤ መካከል ሆኖ «አባባ፣ የዛሬውን ጠብታ አደረጉ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጎረቤት፣ ከአንድ መሣሪያ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ እማማ ጥያቄ እንመለስ። ሠራተኛው እንዲህ ቢላቸው እውነቱን ነገራቸው ማለት ነው፦ «እማማ፣ ዐይንዎ እንደ ድሮው ነው ማለትዎ እኮ መልካም ወሬ ነው። ሌዘሩ የተደረገልዎ የጠፋውን ሊመልስ ሳይሆን የቀረውን ሊጠብቅልዎ ነው። ሐኪሞቹ በዐይንዎ መጋረጃ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍተዋል። ፎቶው መስኮቷ ውኃውን ማሳለፏን፣ የታሰረው ጥግም መከፈቱን ለማየት ነው። አያምም፤ ቶሎም ያልቃል። ከዚያ በኋላ ግን ፎቶው ደኅና ነው ቢሉዎትም በቀጠሮዎ ቀን ግፊትዎን ሊለኩልዎ አብረን እንሄዳለን።»

እርሳቸውም፣ «እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ መቼ እነጫነጭ ነበር! በል እንግዲህ ቀኑን አስታውሰኝ» ማለታቸው አይቀርም። ቀኑን ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው።